ኢሜይል በችሎት ፊት፦ የኤሌክትሮኒክ ሰነዶች አያያዝና ምርመራ

በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ሙግት ተከራካሪዎች ጉዳዩ ለችሎት ከመድረሱ በፊት በእጃቸው ያለውን ማስረጃ አንዳቸው ለሌላው ይገልጣሉ። ሥርዓቱ ዲስከቨሪ ይባላል። ተከራካሪው የሚጠቅመውን ሰነድ መርጦ በማቅረብ ብቻ ግዴታው አያልቅም፤ ባላጋራው በአግባቡ ከጠየቀ የራሱን ክርክር የሚያፈርስበትን ደብዳቤ ጭምር አሳልፎ መስጠት አለበት። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ከሳሽም ሆነ ተከሳሽ የሚተማመንበትን ማስረጃ ዘርዝሮ ከክሱ ወይም ከመከላከያ መልሱ ጋር ያያይዛል፤ በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰነድ ሲያስፈልግ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰጥ ይጠየቃል። በአሜሪካ ግን አብዛኛው ልውውጥ የሚካሄደው ዳኛ ሳይገባበት በጠበቆች መካከል ነው። በዚያ አገር ንግድ ከፍቶ የተከሰሰ ኢትዮጵያዊ ገና ከመነሻው ኢሜይሉንና የስልክ መልእክቱን እንዲያስረክብ ሲጠየቅ ግራ የሚጋባው፣ የለመደው ሥርዓት የተገላቢጦሽ ስለሆነበት ነው።

አሠራሩ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የጸናው እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከ9 ዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሂክማንና ቴይለር በተከራከሩበት መዝገብ ለሥርዓቱ ወሰን አበጀለት። በ1943 በፊላዴልፊያ፣ ደላዌር ወንዝ ላይ 9 ሠራተኞች የነበሩባት ጎታች ጀልባ ሰጥማ 5ቱ ሞተው ነበር። የባለቤቶቹ ጠበቃ በሕይወት የተረፉትን አነጋግሮ ማስታወሻ ያዘ፤ የአንደኛው ሟች ወገን ጠበቃ ደግሞ ያ ማስታወሻ እንዲሰጠው ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ፍሬ ነገሩን ሁለቱም ወገኖች ማወቅ አለባቸው፣ ጠበቃ ለሙግት ሲዘጋጅ የጻፈው ግን በቂ ምክንያት ካልቀረበ አይነካም ሲል ወሰነ። ፍሬ ነገሩ ይገለጥ፣ የጠበቃው ዝግጅት ይጠበቅ የሚለው ይህ ድርብ መርሕ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኢሜይሎችን የሚፈትሽ ሰው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የሚሠራበት ነው።

በወረቀት ዘመን ሥራው አድካሚ ይሁን እንጂ ወሰኑ ይታይ ነበር። መዝገብ ቤቱ ይከፈታል፣ ፋይሎቹ ይወጣሉ፣ ጀማሪ ጠበቆች ተቀምጠው ያነባሉ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ወሰኑ ጠፋ። አንድ ኢሜይል በላኪው ሳጥን፣ በአምስትና በስድስት ተቀባዮች ሳጥን፣ በየስልካቸው፣ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨርና በመጠባበቂያ ቅጂው ውስጥ በአንድ ጊዜ ይኖራል። አንዱ ቅጂ ቢሰረዝ ሌላው ይቀራል። በአንጻሩ ደግሞ ማንም ሳይነካው ሊጠፋ ይችላል፤ ከ60 ወይም ከ90 ቀን በላይ የቆየን መልእክት ራሱ እንዲያጠፋ የታዘዘ ሥርዓት ክስ ይምጣ አይምጣ አያውቅም፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። ደንቡ በ1970 ሲሻሻል በኮምፒዩተር የተጠናቀረ መረጃን አካትቶ ነበር። ጉዳዩን በሙሉ ዓይን ያየው ግን ከታኅሣሥ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ነው። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተከማቸ መረጃ ሁሉ ራሱን የቻለ የማስረጃ ዓይነት ሆነ፤ ተከራካሪዎችም ገና በሙግቱ መጀመሪያ ተገናኝተው ምን እንደሚጠበቅ፣ ከየት እንደሚሰበሰብና በምን መልክ እንደሚረከብ እንዲነጋገሩ ታዘዙ።

የሥራው የመጀመሪያ ግዴታ ማቆየት ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚወድቅበትም እሱ ነው። ክስ መመሥረቱ ወይም ሊመሠረት መቻሉ ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ ድርጅቱ ጉዳዩን የሚመለከት ማንኛውንም ነገር ማጥፋት ማቆም፣ ለሚመለከታቸው ሠራተኞች በጽሑፍ ማሳወቅና በራሱ የሚሰርዘውን ሥርዓት ማገድ አለበት። ይህን ትምህርት ለአገሩ ጠበቆች ሁሉ ያስተማረው የሎራ ዙቡሌክ ክስ ነው። ዙቡሌክ በኒውዮርክ ዩ.ቢ.ኤስ. ዋርበርግ በተባለው ባንክ የእስያ አክሲዮን ሽያጭ ክፍል ከፍተኛ ሠራተኛ ነበሩ። በጾታ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል፣ አቤት በማለቴም ተባረርሁ ብለው በ2002 ከሰሱ። ባንኩ 350 ገጽ ያህል ሰነድ አስረከበ፤ ከዚያ ውስጥ ኢሜይሉ 100 ገጽ ገደማ ነበር። ከሳሿ ግን ራሳቸው 450 ገጽ ያህል ኢሜይል ይዘው ስለነበር የተሰጣቸው ሙሉ አለመሆኑን አወቁ።

የቀረው ያለው በመጠባበቂያ ቴፖች ላይ ነው፤ ቴፕ መልሶ ማንበብ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን የሰጡት መፍትሔ ብልህ ነበር። የሁሉም ቴፖች ወጪ በግምት ከሚያከራክር፣ ከሳሿ የመረጧቸው 5 ቴፖች ለናሙና እንዲከፈቱ አዘዙ። ከአምስቱ ወደ 600 የሚጠጉ ከጉዳዩ ጋር የሚያያዙ ኢሜይሎች ወጡ። የፈተናው ጠቅላላ ወጪ 19 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ክርክሩ ከግምት ወደ ተጨባጭ ቁጥር ተሸጋገረ፤ ቀሪዎቹን ቴፖች መልሶ ለማንበብ ከሚያስፈልገው ወጪ ባንኩ ሦስት አራተኛውን፣ ከሳሿ አንድ አራተኛውን እንዲሸፍኑ ተወሰነ። ቴፖቹ ሲከፈቱ አንዳንድ ሠራተኞች ከጠበቆች የተሰጣቸውን ማስጠንቀቂያ ችላ ብለው ኢሜይል መሰረዛቸው፣ አንዳንድ ቴፖችም መጥፋታቸው ታወቀ። ዳኛዋ በ2004 በሰጡት ውሳኔ፣ ጁሪው የጠፋው ኢሜይል ለባንኩ የማይበጅ ነበር ብሎ እንዲገምት የሚፈቅድ መመሪያ እንዲሰጠው ወሰኑ። በሚያዝያ 2005 ጁሪው ለከሳሿ 29.3 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው፤ ከዚህ ውስጥ 20.2 ሚሊዮኑ የቅጣት ካሣ ነበር። ውሳኔው ለጠበቆች የተወው ትምህርት ማስጠንቀቂያ ጽፎ መበተን ሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አለመሆኑ ነው። ጠበቃው ሠራተኞቹን ማነጋገር፣ የኮምፒዩተር ክፍሉን አሠራር መረዳትና ትእዛዙ መፈጸሙን መከታተል አለበት።

በ2015 ደንቡ ሲሻሻል ቅጣቱ ተለሳለሰ። በቸልተኝነት የጠፋ መረጃ በሌላ መንገድ የማይተካና ባላጋራውን የጎዳ ከሆነ ዳኛው ጉዳቱን የሚያስተካክል እርምጃ ይወስዳል፤ ጁሪው በጠፋው ሰነድ ላይ የጥፋት ግምት እንዲይዝ የሚታዘዘው ወይም ክሱ የሚዘጋው ግን ሆን ተብሎ ማስረጃ የማሳጣት ሐሳብ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ማሻሻያው ተገቢ ነበር፤ በየዕለቱ የሚፈጠረውን መረጃ ሁሉ ሳይጎድል የሚያቆይ ድርጅት አይገኝም። ቢሆንም ልልነቱን ለዝርክርክነት ፈቃድ አድርጎ የወሰደ ሁሉ ተሳስቷል። በ2023 የሳን ፍራንሲስኮው ዳኛ ጄምስ ዶናቶ ጉግል የሠራተኞቹን የቻት መልእክት በአግባቡ አላቆየም ሲሉ ወሰኑ። ታሪክ መያዣው ካልተከፈተ በቀር መልእክቱ በ24 ሰዓት ይጠፋ ነበር፤ ኩባንያውም ክፍት ይሁን ዝግ የሚለውን ለየሠራተኛው ውሳኔ ትቶት ነበር። ዛሬ ዋናው ሐሳብ የሚለዋወጠው በቻት ስለሆነ፣ ኢሜይልን ብቻ ጠብቆ ቻትን የለቀቀ ድርጅት የክርክሩን እምብርት ለቋል።

የተቆየው ቀጥሎ ይሰበሰባል፣ ይደራጃል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛው ሜታዳታ ነው፤ ይኸውም ፋይሉ መቼ እንደተፈጠረ፣ ማን እንደከፈተው፣ ኢሜይሉ በስውር ለማን እንደተላከ የሚናገረው ከጽሑፉ ጀርባ ያለ መረጃ ነው። አንድ ቅን ሠራተኛ ለመርዳት ብሎ ፋይሎቹን እያንዳንዳቸው ከፍቶ ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ ቀኖቹን ሊለውጣቸው ይችላል፤ ስለዚህ ቅጂ የሚወሰደው ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ፣ ማን መቼ እንደተረከበው እየተመዘገበ ነው። ሁለተኛው ሃሽ የሚባለው ስሌት ነው። ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣው ይህ ረጅም ቁጥር እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል፤ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። በእሱ አማካይነት አንድ ዓይነት የሆኑ ቅጂዎች ተለይተው ይወጣሉ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የመጡ የፕሮግራም ፋይሎችም ይነሣሉ። ለአንባቢ የሚደርሰው ክምር በዚህ ብቻ በእጅጉ ይቀንሳል።

ከዚያ ፍለጋ ይመጣል። ጠበቆች ለብዙ ዘመን ቁልፍ ቃል መርጦ መፈለግ ይበቃል ብለው ያምኑ ነበር፤ ብዙዎች አሁንም ያምናሉ። ይህን እምነት ያናወጠው ጥናት በ1985 ዴቪድ ብሌርና ማሮን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው። የተጠናው በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባቡር ላይ ከደረሰ አደጋ ጋር የተያያዘ ሙግት ሲሆን ሰነዱ 40 ሺህ ያህል፣ ገጹ 350 ሺህ ገደማ ነበር። ጠበቆቹና ረዳቶቻቸው ልምድ ያላቸው ነበሩ፤ ጊዜም አልጠበባቸውም። ጥያቄ እየቀያየሩ ደጋግመው ፈለጉ፤ ከሚያስፈልገው ሰነድ ቢያንስ 75 ከመቶውን አግኝተናል ብለውም አመኑ። ተመራማሪዎቹ ካልተገኘው ውስጥ ናሙና አውጥተው ሲመረምሩ የተገኘው በአማካይ 20 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ የሰው አነጋገር ነው። ከሳሽ «አደጋ» የሚለውን ነገር የተከሳሽ ሠራተኞች «ሁኔታው»፣ «ችግሩ»፣ «ያ ክስተት» እያሉ ይጽፉታል። ሌላው ደግሞ ስሙን ሳይጠራ «ባለፈው ደብዳቤህ ያነሣኸው ጉዳይ» ብሎ ያልፋል። ጥፋት መኖሩን የሚያውቅ ሰው ጥፋቱን በስሙ አይጠራም፤ ስለዚህ ፈላጊው የሚመርጠው ቃልና ጸሐፊው የተጠቀመበት ቃል የሚተላለፉት በተለይ ዋናዎቹ ሰነዶች ላይ ነው። ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበው ግን የጠበቆቹ እርግጠኝነት ነው። ያገኙት ሰነድ በአመዛኙ ትክክለኛ ስለነበር ያላገኙት መኖሩን የሚጠቁማቸው ነገር አልነበረም። ያልተገኘውን የሚያሳየው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ «አያስፈልግም» ተብሎ ከተተወው ክምር ውስጥ በዕጣ ናሙና አውጥቶ ማንበብ። ይህን ያላደረገ ፍለጋ፣ ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ያልተመዘነ ፍለጋ ነው።

በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ሲገባበት ችግሩ በእጥፍ ይጨምራል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የንግድ ሸሪክነት፣ የውርስ፣ የማኅበርና የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ክርክር ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚፈተሸው ሰነድ ብዙውን ጊዜ የሁለት ቋንቋ ቅልቅል ነው። «ኃይሉ» የሚለው ስም ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ ይጻፋል፤ ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ሲሆን ለኮምፒዩተር አምስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ክፍያ» ብሎ የፈለገ ሰው የቃሉን መጨረሻ ብቻ ክፍት ቢያደርገው «ክፍያው»ን ያገኛል እንጂ «የክፍያው»ን፣ «በክፍያዎቹ»ን፣ «ስለክፍያ»ን አያገኝም፤ መነሻውንም ክፍት ማድረግ አለበት። ያም ቢሆን «ከፈለ»፣ «አልተከፈለኝም»፣ «እከፍልሃለሁ» የሚሉት አይመጡለትም። ፍርድ ቤት አንዴ «ፍ/ቤት»፣ አንዴ «ፍርድቤት» ነው። የስልክ መልእክት ደግሞ በአብዛኛው በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ እዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ አጻጻፍ አለው።

የቆየ ፋይል የባሰ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ለብዙ ዓመታት ከዚያም በኋላ ሰው ሲጽፍባቸው የነበሩት ፎንቶች ፊደሉን የሚያሳዩት በላቲን ኮድ ላይ ተለጥፈው ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሰነዱ የላቲን ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ የፍለጋ ፕሮግራሙም «ትርጉም የሌለው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቀኑም ጥንቃቄ ይሻል። ሜታዳታው መስከረም መጨረሻ የሚለውን ደብዳቤ ጸሐፊው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን ጽፎበት ይሆናል፤ «ነገ 3 ሰዓት እንገናኝ» የሚለው ቀጠሮም በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ተደርጎ ካልተነበበ የክርክሩ የጊዜ ሰሌዳ ይዛባል። የሰው ስምም ሌላው ወጥመድ ነው። በአሜሪካ ሥርዓት የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚደረደር አባትና ልጅ ዝምድና የሌላቸው ይመስላሉ፣ የአባታቸው ስም የተገጣጠመ ባዕዳን ደግሞ ዘመዳሞች ይሆናሉ። እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ቋንቋውን የሚያውቅ መርማሪ ቁልፍ ቃላቱ ከመመረጣቸው በፊት መጠራት አለበት። ተለቅሞ ያለቀለትን ሰነድ እንዲተረጉም መጨረሻ ላይ ብቻ ቢመጣ፣ ያመለጠው አምልጧል።

ምርመራው ራሱ የሚካሄደው ለዚህ በተሠራ ፕሮግራም ላይ ነው። መርማሪው ጠበቃ ሰነዱን አንብቦ ከጉዳዩ ጋር ይያያዛል ወይስ አይያያዝም፣ የትኛውን ጭብጥ ይነካል፣ የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር አለበት ወይ የሚለውን ምልክት ያደርግበታል፤ መሸፈን ያለበትን ክፍል ያጠቁራል። ከሁሉም የሚከብደው ምስጢሩ ነው። ጠበቃ በግልባጭ ስለተጻፈለት ብቻ ኢሜይል ምስጢር አይሆንም፤ የሕግ ምክር የተጠየቀበት ወይም የተሰጠበት መሆን አለበት። በአንድ ረጅም የኢሜይል ሰንሰለት ውስጥ ሦስተኛው መልእክት ምስጢር፣ ሌሎቹ ተራ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ጥሩ ጠበቆች ያንኑ ሰነድ አይተው የተለያየ ምልክት ማድረጋቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ልምድ ያለው ኃላፊ ከየመርማሪው ሥራ ላይ ናሙና እያነሣ ደግሞ ያነባል፣ መመሪያውንም በምሳሌ እያብራራ ያስተካክላል። ወጪውም የሚወጣው እዚህ ነው። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በመረመራቸው ጉዳዮች ሰነድ ለማስረከብ ከወጣው እያንዳንዱ ዶላር 73 ሳንቲሙ የሄደው ለንባብ ነው።

ይህን ሸክም ለማቅለል መማር የሚችል ፕሮግራም ሥራ ላይ ዋለ። ጉዳዩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ጠበቃ የተወሰኑ ሰነዶችን አንብቦ ምልክት ያደርጋል፤ ፕሮግራሙ ከእሱ ምርጫ ተምሮ የቀሩትን እንደየቅርበታቸው ይደረድራቸዋል፤ ጠበቃው ያርመዋል፣ ይህም ይደጋገማል። በየካቲት 2012 የኒውዮርኩ ዳኛ አንድሩ ፔክ ሞኒክ ዳ ሲልቫ ሙር ፑብሊሲስ የተባለውን ድርጅት በከሰሱበት መዝገብ፣ ወደ 3 ሚሊዮን ለሚጠጉ ኢሜይሎች ይህ ዘዴ እንዲሠራበት ሲቀበሉ በጽሑፍ ውሳኔ ይህን ያደረጉ የመጀመሪያው ዳኛ ሆኑ። ዘዴው ተአምር አይሠራም። ፎቶግራፍ፣ የቁጥር ሠንጠረዥና አጭር ቻት ላይ ይደክማል፤ የሚያስተምረው ጠበቃ ከተሳሳተም ስሕተቱን በሺህ አባዝቶ ይመልስለታል። በጎነቱ ሊለካ መቻሉ ነው። ከተተወው ክምር ላይ ናሙና ወጥቶ ምን ያህል እንደቀረ በቁጥር ይነገራል፤ ባላጋራውም፣ ዳኛውም ቁጥሩን አይተው በቂ ነው ወይም አይደለም ሊሉ ይችላሉ።

ተመርምሮ ያለቀው ይረከባል። እያንዳንዱ ገጽ ተከታታይ መለያ ቁጥር ይታተምበታል፤ ልማዱ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኤድዊን ቤትስ ከፈለሰፈው ቁጥር መምቻ ማኅተም የመጣ ነው። በምስጢርነት የተያዘው ሰነድ ደግሞ ቀኑ፣ ጸሐፊው፣ ተቀባዩና ምክንያቱ ተዘርዝሮ ለባላጋራው ይገለጻል፤ ይዘቱ እንጂ መኖሩ አይደበቅም።

በሚሊዮን ከሚቆጠር ሰነድ ውስጥ አንድ ምስጢር ሾልኮ ቢወጣስ? በ2008 ቪክተር ስታንሊ የተባለ ኩባንያ ክሪኤቲቭ ፓይፕን በከሰሰበት መዝገብ ተከሳሾቹ 165 ምስጢራዊ ሰነዶችን ሳያውቁ አስረከቡ። የሜሪላንዱ ዳኛ ፖል ግሪም ምስጢርነታቸው ቀርቷል ሲሉ ወሰኑ። ተከሳሾቹ ምስጢሩን ለመለየት ወደ 70 በሚጠጉ ቁልፍ ቃላት ፈልገው ነበር፤ ቃላቱ እንዴት እንደተመረጡ ግን በበቂ ሁኔታ አላስረዱም፣ የፍለጋውንም ውጤት በናሙና አልፈተሹም። ከሁሉ የሚያስቆጨው፣ በስሕተት የወጣ ሰነድ እንዲመለስ የሚያስችል ስምምነት ራሳቸው ጀምረው ሳለ ጊዜ ሲራዘምላቸው መተዋቸው ነው። በዚያው ዓመት መስከረም የፌዴራል ማስረጃ ደንብ ላይ 502ኛው ቁጥር ተጨመረ። በደንቡ መሠረት ተገቢ ጥንቃቄ አድርጎ ሳለ የተሳሳተና ስሕተቱን ሳይውል ሳያድር ያረመ ወገን ምስጢሩን አያጣም። ከዚህም በላይ ዳኛው በዚህ ሙግት ውስጥ የወጣ ምስጢር በዚህም ሆነ በሌላ መዝገብ እንደቀረ አይቆጠርም የሚል ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ትእዛዙን ለማግኘት ባላጋራው መስማማቱ ግዴታ አይደለም፤ ጠበቃው የመጀመሪያው ሰነድ ከመረከቡ በፊት ለዳኛው አመልክቶ ሊያስወጣው ይችላል።